ትምህርት 14፦ የአሠራር ገለጻ ድርሰት — አሮጌ የአየር ጠመንጃ በእጅ ሲታደስ

1. መግቢያ

ድርሰት ተራኪ፣ ሥዕላዊ፣ ገላጭና አመዛዛኝ ተብሎ በአራት ዐበይት ክፍሎች እንደሚመደብ ባለፉት ትምህርቶች ተምራችኋል። በዚህ ትምህርት የምትመለከቱት ከገላጭ ድርሰት ወገን የሆነውን የአሠራር ገለጻን ነው። የአሠራር ገለጻ ማለት አንድ ነገር እንዴት እንደሚሠራ፣ እንዴት እንደሚጠገን ወይም እንዴት እንደሚታደስ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ደረጃ በደረጃ የሚያስረዳ ጽሑፍ ነው።

አንዲት እናት አዲስ የሸክላ ምጣድ እንዴት እንደሚሟሽ ለልጇ ስታስተምር ብዙ መናገር አያስፈልጋትም። እሳቱን ስታነድ፣ የተወቀጠውን የጎመን ዘር በምጣዱ ፊት ላይ ስትነሰንስና በጨርቅ ስታሽ ልጅቱ አጠገቧ ቆማ ታያለች። ልጅቱ ብትቸኩል እናቲቱ «ቆይ፣ ገና አልጋለም» ብላ እጇን ትይዛታለች። ጸሐፊ ግን ይህ ዕድል የለውም። አንባቢው ሲሳሳት እጁን የሚይዝለት ሰው በአጠገቡ አይገኝም፤ ያለው የተጻፈው ቃል ብቻ ነው።

በመሆኑም የአሠራር ገለጻ የሚጽፍ ሰው ሁለት ግዴታዎች አሉበት። አንደኛው፣ የሥራውን ቅደም ተከተል ሳያፋልስ ማስቀመጥ ነው። ሁለተኛው፣ እያንዳንዱ ተግባር በዚያ ቦታ እንዲገባ ያደረገውን ምክንያት መግለጽ ነው። ምክንያቱን ያላወቀ አንባቢ ደረጃውን «ምን ያደርግልኛል» ብሎ ይዘለዋልና።

2. ከምንባቡ በፊት

ለዚህ ትምህርት አርአያ እንዲሆን የተመረጠው ምንባብ ያረጀ የአየር ጠመንጃ በቤት ውስጥ በእጅ እንዴት እንደሚታደስ ይገልጻል። ምንባቡን በሚገባ ለመረዳት እንድትችሉ ስለ መሣሪያው ጥቂት ማወቅ ይጠቅማችኋል።

የአየር ጠመንጃ ከተራው ጠመንጃ የሚለየው ባሩድ የሌለው በመሆኑ ነው። ከእርሳስ የተሠራችውን ትንሽ ጥይት የሚገፋት የታመቀ አየር ነው። ይህ ዓይነቱ መሣሪያ የቅርብ ጊዜ ፈጠራ አይደለም። ጂራርዶኒ የተባለ ባለሙያ የነደፈው የአየር ጠመንጃ እ.ኤ.አ. ከ1780 ገደማ ጀምሮ በኦስትሪያ ጦር ሠራዊት ውስጥ አገልግሏል። እ.ኤ.አ. ከ1804 እስከ 1806 የሰሜን አሜሪካን ምዕራባዊ ክፍል አቋርጠው የተጓዙት ሉዊስና ክላርክም የአየር ጠመንጃ ይዘው ነበር። በኋላ ዘመን ደግሞ መሣሪያው የኢላማ ስፖርት መለማመጃ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1984 በሎስ አንጀለስ በተደረገው የኦሎምፒክ ጨዋታ የ10 ሜትር የአየር ጠመንጃ ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ ገባ። በዚህ ውድድር የሚያገለግለው ጥይት ውፍረቱ 4.5 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ሙሉ ነጥብ የሚያሰጠው የኢላማው ማእከል ስፋት ግን ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው።

በብዛት ከተሠሩት የአየር ጠመንጃዎች መካከል በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ከተማ የተሠራው «ሜቴዎር» አንዱ ነው። ይህን ጠመንጃ እ.ኤ.አ. በ1959 ለገበያ ያቀረበው ቢ ኤስ ኤ የተባለው ኩባንያ ሲሆን፣ ኩባንያው የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1861 ነው። በብስክሌቱና በሞተር ብስክሌቱም ስሙ የታወቀ ነበር። የሜቴዎር አሠራር ቀላል ነው። አፈሙዙ ከመካከሉ እንደ ማጠፊያ ወደ ታች ሲሰበር፣ ከውስጥ ያለው ማንሻ ፒስተኑን ወደ ኋላ ገፍቶ ጠንካራውን ሞላ ያምቀዋል። ምላጩ ሲሳብ ሞላው ይለቀቃል፤ ፒስተኑም ወደ ፊት ተወርውሮ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን አየር ያምቃል፤ የታመቀው አየር ጥይቷን ይገፋታል።

በብሪታንያና በጀርመን እንደዚህ ያሉትን ያረጁ ጠመንጃዎች ገዝቶ፣ እንጨቱንና ብረቱን በእጅ ማደስ የብዙ ሰዎች የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ የአየር ጠመንጃ መጫወቻ አይደለም። ዓይን ያጠፋል፤ ሥጋም ይበሳል። ስለዚህ መንግሥታት በሕግ ይቆጣጠሩታል። ለምሳሌ በጀርመን አገር ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያዘው ኃይሉ ከ7.5 ጁል የማይበልጠው ብቻ ሲሆን፣ ያዡም ዕድሜው 18 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። በስኮትላንድ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2016 መጨረሻ ጀምሮ የምስክር ወረቀት ያስፈልጋል። እናንተም ምንባቡን የምታነቡት የአጻጻፉን ሥርዓት ለመማር እንጂ ሥራውን ለመሞከር አለመሆኑን ልብ በሉ።

3. ምንባብ

የተነሣ አይመለስም

ብዙ ዓመት ያገለገለ የአየር ጠመንጃ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ዓይነት ጉዳት ይታይበታል። የሰደፉ ቫርኒሽ ይላላጣል፤ እንጨቱ በመውደቅና በመጋጨት እዚህም እዚያም ይጎደጉዳል፤ የአፈሙዙ ጥቁር ቀለም ደግሞ እጅ በሚያርፍበት ቦታ ሁሉ ለቆ፣ ብረቱ መዛግ ይጀምራል። እንዲህ ያለውን መሣሪያ ማደስ በአብዛኛው መቀነስ እንጂ መጨመር አይደለም። ቫርኒሹ ይነሣል፤ እንጨቱ ይፈገፈጋል፤ ዝገቱ ይፋቃል። የተነሣ ነገር ግን ተመልሶ አይመጣም። ስለዚህ ዐዋቂ ሠሪ ሥራውን የሚጀምረው ከሁሉ በለዘበው ዘዴ ነው፤ ወደ ጠንካራው የሚሸጋገረው የለዘበው አልበቃ ሲል ብቻ ነው። አንዳንድ ጊዜ ጥቂት ሳሙና በነካው እርጥብ ጨርቅ እንጨቱን ማጽዳት ብቻ ይበቃል።

ከሁሉ በፊት ጠመንጃው ባዶ መሆኑ ይረጋገጣል። አፈሙዙ ሞላውን እስከ መወጠር ሳይደርስ በጥቂቱ ተከፍቶ፣ ጥይት የሚቀመጥበት ቀዳዳ በዓይን ይታያል። አፈሙዙ ተሰብሮ ሳለ ምላጩን መንካት ፈጽሞ አይገባም፤ ሞላው ተወጥሮ ከሆነ አፈሙዙ በኃይል ተመልሶ ጣት ሊሰብር ይችላልና። ባዶነቱና ሞላው አለመወጠሩ ከተረጋገጠ በኋላ ሰደፉን ከብረቱ ጋር ያያያዙት ብሎኖች ይፈታሉ። ካቻቪቴው የብሎኑን ፍልፍል ሙሉ በሙሉ የሚሞላ መሆን አለበት። የቀጠነ እንደሆነ ይንሸራተትና የብሎኑን ራስ ይበላዋል፤ እንጨቱንም ይቧጭራል። የተፈቱት ብሎኖች እንዳይቀያየሩ፣ የጠመንጃው ሥዕል በተነደፈበት ካርቶን ላይ እያንዳንዳቸው በየቦታቸው ይሰካሉ።

እንጨቱ ከተለየ በኋላ አሮጌው ቫርኒሽ ይነሣል። ለዚህም ስለቱ የቀና የብረት መፋቂያ ወይም ለዚሁ የተዘጋጀ የቀለም ማስለቀቂያ ፈሳሽ ያገለግላል። ፈሳሹ ቆዳና ዓይን ስለሚጎዳ ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር ያስፈልጋል፤ ሥራውም መስኮቱ በተከፈተ ክፍል ወይም በደጅ መከናወን ይኖርበታል።

ቀጥሎ የጎደጎዱት ቦታዎች ይነሣሉ። በመመታት የጎደጎደ እንጨት ቃጫው ታመቀ እንጂ አልተቆረጠም። ስለዚህ እርጥብ ጨርቅ በጎድጓዳው ቦታ ላይ ተደርጎ በጋለ ካውያ ጫፍ ለጥቂት ሰኮንዶች ሲነካ፣ እንፋሎቱ ወደ እንጨቱ ገብቶ የታመቀውን ቃጫ ያነፋዋል፤ ጎድጓዳውም ይሞላል። ይህ ተግባር የግድ ከመፈግፈግ በፊት መፈጸም አለበት። አስቀድሞ ዙሪያው ተፈግፍጎ ከጎድጓዳው ጋር እኩል ከሆነ በኋላ እንፋሎት ቢነካው፣ ቦታው አብጦ ጉብታ ይሆናል። የተቆረጠ ቃጫን ግን እንፋሎት አያድነውም።

ከዚህ በኋላ የመፈግፈግ ሥራ ይጀመራል። አሸዋማ ፊት ያለው የብርጭቆ ወረቀት በሸካራነቱ መጠን ቁጥር ይሰጠዋል፤ ቁጥሩ ሲጨምር ልስላሴው ይጨምራል። ሥራው በ120 ተጀምሮ በ180ና በ240 አልፎ በ320 ይፈጸማል። እያንዳንዱ ወረቀት ከእርሱ በፊት የነበረው የተወውን ጭረት ያጠፋል እንጂ የሌላውን ሥራ አይሠራም፤ አንዱ ከተዘለለ ጥልቁ ጭረት ዘይት ሲቀባ ጎልቶ ይወጣል። ምን ጊዜም የሚፈገፈገው በቃጫው አቅጣጫ ነው። ብረት በሚያርፍበት ጠርዝ ላይ ግን ወረቀቱ አይደርስም። እዚያ የተፈገፈገ እንጨት ይሳሳል፤ ጠመንጃውም ሲገጣጠም ብረቱ ከእንጨቱ በላይ ይወጣል። የእንጨት ብናኝ ሳንባን ስለሚጎዳ አፍና አፍንጫ ይሸፈናሉ።

የለሰለሰው እንጨት በእርጥብ ጨርቅ ይታበሳል። ውኃው የተኙትን ጥቃቅን ቃጫዎች ስለሚያስነሣቸው፣ እንጨቱ ሲደርቅ እንደገና ይሻክራል። በዚህ ጊዜ በ320 ወረቀት በቀስታ ይነካል። ይህ ሁለት ጊዜ ከተደጋገመ በኋላ እንጨቱ ለዘይት ዝግጁ ይሆናል።

የአየር ጠመንጃ ሰደፍ ብዙ ጊዜ የሚቀባው የተልባ ዘይት ነው። የተልባ ዘይት እንደ ውኃ ተንኖ አይደርቅም፤ ከአየር ውስጥ ኦክሲጅን እየወሰደ ይጠነክራል እንጂ። ስለዚህ በስሱ መቀባት አለበት። በወፍራሙ የተቀባ ዘይት ፊቱ ይደርቅና ውስጡ ለብዙ ቀን እየተጣበቀ ይቀራል። ዘይቱ በጨርቅ ተቀብቶ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያህል ይቆያል፤ ከዚያም ወደ እንጨቱ ያልገባው ትርፍ ዘይት ሳይደርቅ ተወልውሎ ይነሣል። እንጨቱ ቢያንስ አንድ ቀን ካደረ በኋላ እንደገና ይቀባል። ይህም አምስት ወይም ስድስት ጊዜ ይደጋገማል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ብርቱ አደጋ አለ። ዘይቱ ከኦክሲጅን ጋር ሲዋሐድ ሙቀት ያወጣል። ዘይት የጠጣው ጨርቅ ተጨማድዶ በአንድ ቦታ ከተከመረ ሙቀቱ መውጫ ያጣል፤ እየጨመረም ሄዶ ክብሪት ሳይነካው ጨርቁ በራሱ ሊነድ ይችላል። በዚህ ምክንያት ብዙ ቤቶችና መሥሪያ ቤቶች ተቃጥለዋል። ስለዚህ ሥራው እንዳለቀ ጨርቁ ወይ በደጅ ተዘርግቶ ይሰጣል፣ ወይም ውኃ በሞላበት የቆርቆሮ ዕቃ ውስጥ ይነከራል። ይህ ነገ የሚደረግ አይደለም፤ እጅ ከመታጠቡ በፊት የሚደረግ ነው።

የብረቱ ክፍል የሚታደሰው ዘይቱ እየደረቀ በሚቆይባቸው ቀናት ነው። ቀላል ዝገት ጥቂት የማሽን ዘይትና እንደ ጸጉር የቀጠነ የብረት ሱፍ ይበቃዋል። በብርጭቆ ወረቀት አጥብቆ መፈግፈግ ዝገቱን ብቻ ሳይሆን በብረቱ ላይ የተቀረጹትን ጽሑፎችና ተራ ቁጥሩን ጭምር ያጠፋል። እነዚህም የመሣሪያው ታሪክና ማንነት መታወቂያዎች ናቸው። ዝገቱ ከለቀቀ በኋላ ብረቱ ከማናቸውም ቅባት ይጸዳል፤ በባዶ እጅም አይነካም። የጣት ቅባት ያረፈበት ቦታ ማጥቆሪያውን አይቀበልምና።

የቀድሞ አንጥረኞች ብረትን ያጠቁሩ የነበረው በራሱ በዝገት ነው። ንጹሑ ብረት ሆን ተብሎ በእርጥበት ቀይ ዝገት እንዲያወጣ ይደረጋል፤ ከዚያም በፈላ ውኃ ይቀቀላል። በዚህ ጊዜ ቀዩ ዝገት ወደ ጥቁር የብረት ኦክሳይድ ይለወጣል። ላላ ያለው ጥቁር ብናኝ በብረት ሱፍ ተፈትጎ ሲነሣ፣ ከብረቱ ጋር የተጣበቀው ስስ ጥቁር ሽፋን ይቀራል። ይህ በተደጋገመ ቁጥር ሽፋኑ እየጠቆረ ይሄዳል። እንዲህ ሆኖ የብረት ጠላት የነበረው ዝገት ራሱ የብረት ልብስ ይሆናል። በቤት ውስጥ የሚሠሩ ብዙ ሰዎች ግን ሳይሞቅ የሚቀባ ማጥቆሪያ ይጠቀማሉ። ሥራው ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ሽፋኑ ስስ ስለሆነ ቶሎ ይለቃል። በውስጡ ሴሌኒየም የተባለ መርዛማ ንጥረ ነገር ስላለበትም ያለ ጓንት አይነካም፤ ምግብ በሚበስልበት ክፍልም አይሠራበትም።

የመታደስ ሥራ ገደብ አለው። ሞላውና ምላጩ የሚታደሱ ጌጦች አይደሉም። ሞላው ጠመንጃው ባልተወጠረበት ጊዜ እንኳ በከፊል ታምቆ የተቀመጠ ስለሆነ፣ ያለ ልዩ መያዣ የከፈተውን ሰው ፊት ሊመታ ይችላል። ምላጩም እንዲቀልል ተብሎ በሞረድ ከተነካ ጠመንጃው ሳይታሰብ ይተኩሳል። እነዚህ ለባለሙያ ይተዋሉ። እንዲሁም ወደ ሲሊንደሩ ተራ የማሽን ዘይት አይጨመርም። አየር በድንገት ሲታመቅ በጣም ይሞቃል፤ ዘይቱም በዚያ ሙቀት ተቀጣጥሎ ይፈነዳል። መከለያውንና ሞላውን ያበላሻል፤ ጥይቷንም ከተወሰነላት በላይ በሆነ ኃይል ያስወነጭፋል።

በመጨረሻ ብሎኖቹ ከካርቶኑ እየተነቀሉ ወደየቦታቸው ይመለሳሉ። ጠብቀው ይታሠራሉ፤ ነገር ግን እንጨቱን እስኪሰነጥቁ ድረስ አይጠብቁም። የታደሰው ጠመንጃ አዲስ አይመስል ይሆናል። የተሠራበት ከተማ ስም ሳይጠፋ፣ እንጨቱ ሳይሳሳ፣ ያደሰውም ሰው ጣቱና ዓይኑ ደኅና ሆኖ ከተፈጸመ ግን ሥራው ሠምሯል።

4. የምንባቡ አወቃቀር

ምንባቡን እንደገና ስትመለከቱት የሚከተሉትን ሦስት ነገሮች ታገኛላችሁ።

ሀ. ኃይለ ቃል። የምንባቡ ሁሉ መሠረት በመጀመሪያው አንቀጽ ውስጥ የሚገኘው «የተነሣ ነገር ግን ተመልሶ አይመጣም» የሚለው ዐረፍተ ነገር ነው። ካውያው ከብርጭቆ ወረቀቱ ለምን እንደሚቀድም፣ ቁጥሮቹ ለምን በጥልቁ የማይጨረሱ መሆናቸው፣ ተራ ቁጥሩ ለምን እንደሚጠበቅ የሚያስረዳው ይኸው ሐሳብ ነው።

ለ. ቅደም ተከተል። ባዶነትን ማረጋገጥ፣ መፍታት፣ ቫርኒሽ ማንሣት፣ ጎድጓዳ መሙላት፣ መፈግፈግ፣ ዘይት መቀባት፣ ብረቱን ማጥቆር፣ መገጣጠም። ከእነዚህ መካከል አንዱ ብቻ ቦታውን ቢለቅ ሌላው ይበላሻል።

ሐ. የማስጠንቀቂያ ቦታ። ጸሐፊው ማስጠንቀቂያዎቹን ሰብስቦ በመጨረሻ አላስቀመጣቸውም። እያንዳንዱን አደጋው በሚደርስበት ቦታ ላይ አስገባው። አንባቢ ብዙ ጊዜ እያነበበ ይሠራልና፣ በመጨረሻው መስመር ላይ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ የሚደርሰው ከጉዳቱ በኋላ ነው።

አሁን ደግሞ በዚህ ረገድ የተበላሸውን የሚከተለውን አንቀጽ መርምሩ።

«ሰደፉን የተልባ ዘይት ቀቡት። ከዚያ በፊት ግን በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ነበረበት። ጎድጓዳም ካለው በካውያ ይነሣል። ጨርቁን ጥግ ላይ አስቀምጡት። ሥራው ሲያልቅ በደጅ ሊሰጣ ይገባል፤ አለዚያ ይነዳል። በነገራችን ላይ ጠመንጃው ባዶ መሆን አለበት።»

በዚህ አንቀጽ ውስጥ ሐሰት የሆነ ነገር የለም ማለት ይቻላል። እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር በየራሱ እውነት ነው። ቅደም ተከተሉ ግን ስለተፋለሰ፣ መመሪያውን እንደ ተጻፈ የሚከተል ሰው እንጨቱን ያበላሻል፤ ከዚያም ጥይት ባለበት ጠመንጃ ላይ ሲሠራ ቆይቶ ባዶ መሆን እንደነበረበት በመጨረሻ ያነባል። ከዚህ እንደምትረዱት፣ በአሠራር ገለጻ እውነትን መጻፍ ብቻ አይበቃም፤ እውነቱን በጊዜው መጻፍ ያስፈልጋል።

5. ሰዋስው፦ ጊዜንና ቅደም ተከተልን የሚያመለክቱ ቃላት

ሀ. «ሲ»፣ «ሳይ»ና «እስኪ»። እነዚህ በግሥ መነሻ ላይ እየገቡ የሁለት ድርጊቶችን የጊዜ ዝምድና ያሳያሉ። የሚከተሉትን ሦስት ዐረፍተ ነገሮች አነጻጽሩ።

1. ትርፉ ዘይት ሲደርቅ ይወለወላል።
2. ትርፉ ዘይት ሳይደርቅ ይወለወላል።
3. ትርፉ ዘይት እስኪደርቅ ድረስ ይወለወላል።

በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር መወልወሉ ከመድረቁ ጋር ይገጥማል፤ ይህ ስሕተት ነው፤ የደረቀ ዘይት በጨርቅ አይነሣምና። በሁለተኛው መወልወሉ መድረቁን ይቀድማል፤ ትክክሉም ይህ ነው። በሦስተኛው መወልወሉ እስከ መድረቁ ሳይቋረጥ ይቀጥላል፤ ሠሪውም ሙሉ ቀን ሲወለውል ሊውል ነው። በሦስቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ወይም ሁለት ፊደል ብቻ ሲሆን፣ በሥራው ላይ የሚያደርሰው ልዩነት ግን እጅግ ትልቅ ነው።

ለ. «ከ… በፊት»ና «ከ… በኋላ»። «ከ… በፊት» ከአርእስት ጋር፣ «ከ… በኋላ» ደግሞ ከኀላፊ ግሥ ጋር ይነገራል። ምሳሌ፦ «ከመፈግፈግ በፊት»፤ «እንጨቱ ከደረቀ በኋላ»። «ከዚያ በፊት ግን» የሚለውን ሐረግ ድርጊቱን ከጻፋችሁ በኋላ አታስገቡት። አንባቢን ወደ ኋላ ይመልሰዋል።

ሐ. ቦዝ አንቀጽ። «ፈትቶ»፣ «አድርቆ»፣ «ተወልውሎ» የመሳሰሉት ቦዝ አንቀጾች ብቻቸውን ዐረፍተ ነገርን አያሥሩም፤ ማሰሪያ አንቀጽ ይፈልጋሉ። የቦዝ አንቀጹና የማሰሪያ አንቀጹ ባለቤት አንድ እንዲሆን ተጠንቀቁ። «ሠሪው ብሎኖቹን ፈትቶ እንጨቱ ይለያል» ከማለት ይልቅ «ሠሪው ብሎኖቹን ፈትቶ እንጨቱን ይለያል» ወይም «ብሎኖቹ ተፈትተው እንጨቱ ይለያል» ማለት ይሻላል።

መ. ምክንያትን የሚያስከትሉ። «ስለ» ከግሥ በፊት ሲገባ፣ «ና» ግን በግሡ መጨረሻ ላይ ተቀጥላ ምክንያትን ትገልጻለች። ምሳሌ፦ «የእንጨት ብናኝ ሳንባን ስለሚጎዳ አፍና አፍንጫ ይሸፈናሉ»፤ «የጣት ቅባት ያረፈበት ቦታ ማጥቆሪያውን አይቀበልምና»።

ሠ. ተደራጊና ትእዛዝ። ምንባቡ የተጻፈው በአብዛኛው በተደራጊ ግሥ ነው፤ «ይፈታል»፣ «ይነሣል»፣ «ይቀባል» ይላል። ይህ አነጋገር ለመጽሐፍ ይስማማል። አንባቢው መሣሪያውን በእጁ ይዞ እንዲሠራ የሚጻፍ መመሪያ ግን በትእዛዝ አንቀጽ ቢሆን ይመረጣል፤ «ፍቱ»፣ «አንሡ»፣ «ቀቡ» ይላል። አንዱን ከመረጣችሁ በኋላ በመካከል አትለውጡት።

6. መልመጃ

መልመጃ አንድ። ምንባቡን መሠረት በማድረግ የሚከተሉትን ጥያቄዎች በሙሉ ዐረፍተ ነገር መልሱ።

1. የአየር ጠመንጃ ከተራው ጠመንጃ በምን ይለያል?
2. ካውያ ከብርጭቆ ወረቀት የሚቀድመው ለምንድን ነው?
3. ከብርጭቆ ወረቀት ቁጥሮች አንዱ ቢዘለል ምን ይሆናል? ጉዳቱስ የሚታየው መቼ ነው?
4. የተልባ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ያለ እሳት ሊነድ የሚችለው በምን ምክንያት ነው?
5. ቀይ ዝገት ወደ ጥቁር ሽፋን የሚለወጠው እንዴት ነው?
6. ጸሐፊው «የመታደስ ሥራ ገደብ አለው» ያለው ስለ የትኞቹ ክፍሎች ነው? ለምን?

መልመጃ ሁለት። የሚከተሉት ቃላት በምንባቡ ውስጥ የተሰጣቸውን ፍቺ ጽፋችሁ፣ እያንዳንዳቸውን በየራሳችሁ ዐረፍተ ነገር አስገቡ።

ሰደፍ፣ አፈሙዝ፣ ምላጭ፣ ሞላ፣ ቃጫ፣ ታመቀ፣ ተላላጠ፣ ተፈተገ

መልመጃ ሦስት። በባዶው ቦታ በቅንፍ ውስጥ ካሉት ቃላት ትክክለኛውን አስገቡ፤ የመረጣችሁበትንም ምክንያት አስረዱ።

1. ምጣዱ በሚገባ ______ የጎመን ዘር አይነሰነስበትም። (ሲግል፣ ሳይግል)
2. የቡናው ቆሎ ______ ድረስ ከእሳቱ አይወርድም። (ሲጠቁር፣ እስኪጠቁር)
3. ሸክላው ______ ወደ እሳት ቢገባ ይሰነጠቃል። (ሳይደርቅ፣ ከደረቀ በኋላ)

መልመጃ አራት። በተራ ቁጥር 4 የቀረበውን የተበላሸ አንቀጽ ቅደም ተከተሉን አስተካክላችሁ በትእዛዝ አንቀጽ እንደገና ጻፉት። ማስጠንቀቂያዎቹን በየቦታቸው አስገቡ፤ ለእያንዳንዱም ምክንያት ስጡ።

መልመጃ አምስት። ከሚከተሉት ርእሶች አንዱን መርጣችሁ፣ ከ250 ቃላት የማያንስ የአሠራር ገለጻ ድርሰት ጻፉ።

ሀ. አዲስ የሸክላ ምጣድ እንዴት እንደሚሟሽ
ለ. የተሰበረ የመጥረቢያ እጀታ እንዴት እንደሚለወጥ
ሐ. የተቀደደ ልብስ በእጅ እንዴት እንደሚጣፍ
መ. ያረጀ ወንበር እንዴት እንደሚታደስ

መጻፍ ከመጀመራችሁ በፊት የሥራውን ደረጃዎች በአጭር በአጭሩ በተራ ቁጥር አስፍሩ። ከጻፋችሁ በኋላ ድርሰታችሁን ሥራውን ለማያውቅ ጓደኛችሁ ስጡት። ጓደኛችሁ አንድም ጊዜ ሳይጠይቃችሁ ሥራውን በቃሉ ደግሞ ሊነግራችሁ ከቻለ ድርሰታችሁ ተሳክቷል። «ከዚህ በኋላስ?» ወይም «ለምን?» ብሎ የጠየቀበትን ቦታ ምልክት አድርጉበት፤ እንደገና መጻፍ ያለባችሁ እዚያ ነው።